ምዕራፍ ስድስት፦ ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር

«ድምፃችሁን እሰማለሁ፤ የምትሉት ነው የማይለይልኝ። እናንተም እያልጎመጎማችሁ ነው የምታወሩት!»

አረጋዊ አባት ወይም እናት ያሉበት ቤት ይህን ንግግር ያውቀዋል። ልጆች እልህ ይመስላቸዋል፤ አባት ግን እውነታቸውን ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። አናባቢዎች ጎልተው ይደርሳሉ፤ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» እና መሰሎቻቸው ግን ይደበዝዛሉ። «በሬውን ሰጠው» እና «በሬውን ሸጠው» አንድ ይሆናሉ። ጉዳቱ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ከቤተሰቡ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። «አባባ፣ ጆሮዎ ደክሟልና የመስሚያ ማሽን ያድርጉ» ሲባሉ የሚቆጡትም ለዚህ ነው።

ችግሩ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ለመስማት ችግራቸው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከ60 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ ከአራት ሰው ከአንድ በላይ የሚሆነው በዚህ ይቸገራል። ያም ሆኖ ከማሽን በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ጆሮውን ይየው። የደረቀ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። መስማት በድንገት ከጠፋ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ሳይባል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ምርመራው ማሽን ያስፈልጋል ካለ ትልቁ ሥራ ይጀምራል፤ እሱም ማሳመን ሳይሆን መጠየቅ ነው። በአውስትራሊያ ብሔራዊ አኮስቲክ ላቦራቶሪ የተዘጋጀ ቀላል ዘዴ አለ። ባለሙያው ስለ መሣሪያው ከመናገሩ በፊት ታካሚውን «የት የት ነው መስማት የሚፈልጉት?» ብሎ ይጠይቅና እስከ አምስት የሚደርሱ ቦታዎችን በራሳቸው በታካሚው ቃል ይጽፋል። «ቅዳሴ ላይ ስብከቱን»፣ «የልጅ ልጄን በስልክ»፣ «እድር ላይ የሚባለውን» ሊሉ ይችላሉ። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ የሚለካው በዚያ ዝርዝር ነው። እኔ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ይህን የማስቀድመው፣ ፍላጎቱ ከሰውየው አፍ ስለሚወጣ ነው። ልጆቹ የፈለጉለት ማሽን የልጆቹ ሆኖ ይቀራል።

በማስፈራራት ግን አይሞክሩ። የመስማት ድካም ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ማሽን በሦስት ዓመት ውስጥ ለአእምሮ ያስገኘውን ጥቅም ያየው ለአደጋው ይበልጥ በተጋለጡት ላይ እንጂ በሁሉም ላይ አይደለም። «ካላደረጉ ይጃጃሉ» ማለት ከእውነቱ ማለፍ ነው፤ አረጋዊን ማዋረድም ነው።

ውጭ አገር ያለ ልጅ መሣሪያ ገዝቶ ሲልክ ፍቅሩ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ማሽኑ በሰውየው የምርመራ ውጤት ካልተስተካከለ፣ ደህና የሚሰማውን ድምፅ ጭምር አጉልቶ ያስመርራል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ይወስናሉ። ለዓመታት ያልሰማውን የሚሰማ አእምሮ ሁሉንም እኩል ይቀበላል፤ የማቀዝቀዣው እምምታ፣ የሰሃን ኳኳታ፣ የላስቲክ ኮሽታ ይጮኹበታል። የራስ ድምፅ እንኳ ከበርሜል ውስጥ የወጣ ይመስላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ያወልቀዋል። ስለዚህ በጸጥታ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር በማውራት ይጀመር፤ በየቀኑም ሰዓቱ ይጨመር። ሠርግና ለቅሶ በኋላ ይደረስባቸዋል።

ጥቃቅኑ ነገርም ይታወቅ። እናት ነጠላቸውን በጆሮአቸው ላይ ሲያጣፉ ማሽኑ ቢያፏጭ፣ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ በነጠላው ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ስለገባ ነው፤ ነጠላውን ገለጥ ማድረግ ይበቃል። ነጠላ ሳይኖር የሚያፏጭ ከሆነ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል በልክ አልተሠራም ወይም ኩክ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። የሚቀየሩ ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በአየር የሚሠሩ ናቸው። ተለጣፊው ከተነሣ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ አየር እንዲያገኙ ይተዉአቸው። ተለጣፊው አንዴ ከተነሣ መልሶ መለጠፍ ባትሪውን አያቆየውም። ጸበል ከመጠመቅና ገላ ከመታጠብ በፊት ማሽኑ ይውለቅ።

ቤተሰቡም የድርሻውን ይወጣ። መጮኽ አይረዳም። የደከመ ጆሮ ዝቅተኛውን ድምፅ ባይሰማም ከፍተኛው ያመዋል፤ ጩኸት ደግሞ ቃሉን ያዛባዋል። ቀረብ ብለው፣ ፊት ለፊት፣ ረጋ ብለው ይናገሩ። ሐኪም ሲጠይቃቸው እርስዎ አይመልሱላቸው። ከሁሉ የከፋው ግን «ምን አላችሁ?» ሲሉ «ተዉት፣ ምንም አይደለም» የሚለው መልስ ነው። ቤተሰብ ሁሉ የሳቀበትን ነገር ሳያውቁ የሚስቁ አዛውንት አይቼ አዝኛለሁ። ያንን ቀልድ መድገም ደቂቃ አይፈጅም።

እቤትዎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ካለ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት እሱኑ፣ ከባለቤቱ ጋር፣ ወደ መስማት ባለሙያ ይውሰዱት። ማጽዳት፣ ባትሪ መቀየር ወይም እንደገና ማስተካከል ብቻ ይበቃው ይሆናል።