በልምምድ የሚታይ ውጤትና የሚዘልቅ ክሂል፦ የታዳጊ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የውርወራ ሥልጠና

አንድ ታዳጊ ተጫዋች በቅጣት ውርወራ መስመር ላይ ቆሞ 20 ጊዜ በተከታታይ ይወረውራል። የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ቢስቱም የመጨረሻዎቹ ይገባሉ፤ አሠልጣኙም ክሂሉ እንደ ተያዘ አምኖ ወደ ሌላ ልምምድ ይሸጋገራል። በሳምንቱ ግን ልጁ በግጥሚያ ላይ ያንኑ ስሕተት ይደግማል፤ ብዙ ጊዜም ትኩረት የለውም ወይም ተሰጥዖ ይጎድለዋል ተብሎ ይፈረጃል። ይህ ጽሑፍ ችግሩ በአመዛኙ ከልጁ ሳይሆን ከልምምዱ አደረጃጀትና ከመመዘኛው እንደሚመነጭ ለማሳየት ይሞክራል።

በእንቅስቃሴ ክሂል ጥናት ዘርፍ በልምምድ ወቅት የሚታይ ውጤትና መማር የተለያዩ ናቸው። መማር የሚረጋገጠው ክሂሉ ከጊዜ በኋላ ሳይጠፋ ሲገኝና ወደ አዲስ ሁኔታ ሲሸጋገር ነው። ከዚህ አንጻር ሦስት የአሠልጣኙ ውሳኔዎች ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው የመሣሪያ ምርጫ ነው። የአዋቂዎች ቀለበት ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን ለወንዶች የሚያገለግለው ቁጥር 7 ኳስ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በተዘጋጀው ሚኒ ቅርጫት ኳስ ግን የቀለበቱ ከፍታ 2.60 ሜትር ነው፤ ቁጥር 5 ኳስም ከ500 ግራም አይበልጥም። ትንሽ ልጅ ከባዱን ኳስ ወደ ከፍተኛው ቀለበት ለማድረስ ከወገቡ አንሥቶ በሁለት እጁ መወርወሩ መጥፎ ልማድ ሳይሆን ለጉልበቱ ማነስ ያገኘው መፍትሔ ነው። ይሁንና በተደጋገመ ቁጥር ልማድ ይሆናል። ስለዚህ ቴክኒክን ከማረም በፊት መሣሪያውን ማስተካከል ይቀድማል።

ሁለተኛው የልምምዱ ቅደም ተከተል ነው። ሺያ እና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ አንድን ተግባር ደጋግመው ጨርሰው ወደ ሌላው ያለፉ ተሳታፊዎች በልምምዱ ወቅት የተሻለ ፍጥነት ሲያሳዩ፣ ተግባራቱን እያቀላቀሉ የተለማመዱት ደግሞ ከ10 ቀናት በኋላ በልጠው ተገኝተዋል። ጉድ እና ማጊል በ1986 የባድሚንተን ጀማሪዎችን አጥንተው ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። በሕፃናት ላይ የተገኙት ማስረጃዎች ግን ወጥነት የላቸውም። በመሆኑም ጀማሪው የእንቅስቃሴውን ቅርጽ እስኪይዝ ደጋግሞ መለማመዱ፣ ከዚያም ርቀቱንና ማዕዘኑን መቀያየሩ፣ ቅብብልና ውርወራንም ማፈራረቁ ተገቢ ነው። በግጥሚያ ላይ አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ የሚያገኘው የቅጣት ውርወራ ከአንድ እስከ ሦስት እንጂ 20 አይደለም።

ሦስተኛው የአሠልጣኙ ንግግር ነው። ታርፕ እና ጋሊሞር በ1974/75 የውድድር ዘመን በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበሩትን ጆን ውደንን ተከታትለው 2,326 የማስተማር ድርጊቶችን መዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 75 ከመቶ ያህሉ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚያስረዱ አጫጭር መመሪያዎች ሲሆኑ ሙገሳ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። የመመሪያው ይዘትም ወሳኝ ነው። ዛክሪ እና ባልደረቦቻቸው በ2005 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች ትኩረታቸውን በእጅ አንጓቸው እንቅስቃሴ ላይ ሳይሆን በቀለበቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ሲያደርጉ የቅጣት ውርወራቸው ይበልጥ ትክክለኛ ሆኗል። «አንጓህን እጠፍ» ከማለት ይልቅ «ኳሱን ከቀለበቱ የፊት ጠርዝ በላይ አሳልፈው» ማለት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ቀለበት ብቻ ባለበት ሜዳ የልጆች ረጅም ሰልፍ የውርወራውን ቁጥር ይቀንሳል። ሆኖም ተራ የሚጠብቁት ኳስ እያነጠሩና እየተቀባበሉ ቢቆዩ፣ ተራቸው ሲደርስ ሁለት ሁለት ጊዜ ወርውረው ቢመለሱ፣ እጥረቱ ራሱ ለተቀላቀለ ልምምድ ያግዛል።

በመጨረሻም መመዘኛው መለወጥ አለበት። አሠልጣኙ በልምምዱ ፍጻሜ የገቡትን ኳሶች ከመቁጠር ይልቅ፣ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ልጅ ያለ ሙከራ ውርወራና ያለ እርማት ጥቂት ጊዜ አስወርውሮ ውጤቱንና የአወራወሩን ቅርጽ ቢመዘግብ የትኛው ትምህርት እንደ ዘለቀ ይገነዘባል። ያልዘለቀ ከሆነ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው የልጁ ችሎታ ሳይሆን የልምምዱ ዕቅድ ነው።