ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ማን ነው? የአንድ ድምፅ መንገድና የመራጩ ኃላፊነት

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሾኔ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም በሚደረግ ጨዋታ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነውና የአሜሪካ ወይም የኬንያ ምርጫ ሲደርስ ወሬው እዚህም ይሰማል። ያን ጊዜ ምእመናን «እኛስ ፕሬዚዳንታችንን የምንመርጠው መቼ ነው?» ይላሉ። መልሱን የሰማ ሰው ደግሞ «እንግዲያውስ የእኛ ድምፅ ምን ይሠራል?» ብሎ ይደመድማል። ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሕጉ መሠረት ለማስረዳት፣ በሁለተኛው ላይ ግን የጸሐፊውን የግል አስተያየት ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 እንደሚደነግገው፣ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዕጩው ፕሬዚዳንት የሚሆነው የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ሲሆን፣ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም። ክብርት ሣህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ክቡር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ደግሞ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረጡት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ነው። የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል፣ የጸደቁ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል፣ የውጭ መልእክተኞችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል።

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ልጆቻችን የሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካም ፕሬዚዳንቷን የምትመርጠው በምክር ቤቷ ነው። ኬንያውያን ግን በቀጥታ ይመርጣሉ።

ከሆሳዕና የሚነሣ ድምፅ ወዴት ይሄዳል?

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አንድ ምእመን የሚሰጠው ድምፅ በሁለት መንገድ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይደርሳል። አንደኛው በየ5 ዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በምንልከው ሰው በኩል ነው። ሁለተኛው በክልል ምክር ቤት በኩል የሚያልፍ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለተመሠረተውና መቀመጫውን በሆሳዕና ላደረገው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት አባላትን እንመርጣለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት በክልል ምክር ቤቶች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተጨማሪ ተወካይ ይኖረዋል።

እንግዲህ ርእሰ ብሔሩም ሆነ የመንግሥቱ መሪ የሚወጡት እኛ ከመረጥናቸው ሰዎች ምርጫ ነው። «ፕሬዚዳንቱን አንመርጥም» ብሎ የአካባቢውን ተወካይ በግዴለሽነት የሚመርጥ ሰው ምንጩን አደፍርሶ ስለ ወራጁ ውኃ እንደሚያማርር ሰው ነው።

ድምፅ በዚህ ምድር በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በግንቦት 1992 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ጠቅላላ ምርጫ በሀዲያ ዞን ብዙ ችግር ደርሶ፣ በአንዳንድ የምርጫ ክልሎች ምርጫው እንዲደገም ተደርጎ ነበር። በዚያ ዘመን ስማቸው ጎልቶ የወጣው ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህርና የወባ ተመራማሪ ነበሩ። ስለዚያ ምርጫ የሀዲያ ገበሬዎች የሰጡት ቃል በኖርዌያዊው ተመራማሪ ሼቲል ትሮንቮል ተመዝግቦ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን የማነሣው አንዱን ወገን አመስግኜ ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። አባቶችና እናቶች ዋጋ የከፈሉበትን ድምፅ ልጆች በአንድ ሲኒ ቡና ወይም በጎሳ ስም እንዳይለውጡት ለማሳሰብ ነው።

ዕጩውን በምን እንመዝነው?

የአካባቢያችን ሰው ለመስቀል በዓል በሬ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ ያጠራቅማል። ቀኑ ሲቀርብ ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ጥርሱን ያያል፣ የሻጩን ጠባይ ይጠይቃል። ለአንድ ሳምንት ሥጋ ይህን ያህል የሚመረምር ሰው ለ5 ዓመት የሚወክለውን ሰው ሳይመረምር መምረጡ ሊያስገርመን ይገባል። በግሌ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ እላለሁ።

አንደኛ፣ ዕጩው ከዕጩነቱ በፊት የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ ሲገባ እንዴት ያዘው? በዕድር፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በትምህርት ቤት ኮሚቴ ሲሠራ ሒሳብ በወቅቱ ያቀርብ ነበር? ዮቶር ለሙሴ ሲመክረው በመጀመሪያ እንዲፈልጋቸው ያሳሰበው እግዚአብሔርን የሚፈሩና ጉቦን የሚጠሉ ሰዎችን ነበር።

ሁለተኛ፣ ቃል የሚገባው ሥልጣኑ ስለሚፈቅድለት ጉዳይ ነውን? የምክር ቤት አባል ሥራው ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። «እኔ ብቻዬን አስፋልት አስገባላችኋለሁ» የሚል ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እኛን አላዋቂ አድርጎናል።

ሦስተኛ፣ የእርሱ ወገን ስላልሆነው ሰው ምን ይላል? በከተሞቻችን ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ዶንጋው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ወላይታውና አማራው በአንድ ሰፈር ይኖራል። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ይቀባበራል። አንዱን ከፍ ለማድረግ ሌላውን የሚያዋርድ አንደበት ነገ በእኛም ላይ ይዞራል።

አራተኛ፣ ከተመረጠ በኋላ ተመልሶ ይመጣልን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ መብት ዋጋ የሚኖረው ግን ተወካዩን ጠርተን ምን እንደሠራ ስንጠይቀው ነው።

ካህኑና ሰበካ ጉባኤው የት ይቁሙ?

መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 ደንግጓል። ከሕጉ በላይ ግን የእረኝነት ምክንያት አለ። አንድ ካህን የንስሐ አባት ነው፤ ከንስሐ ልጆቹ መካከል ይህንም ያንም ፓርቲ የሚደግፉ ይገኛሉ። ካህኑ በዐውደ ምሕረት የአንዱን ዕጩ ስም ቢያነሣ፣ የሌላው ደጋፊ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃጢአቱን ሊነግረው ያፍራል። በምርጫ የተገኘ ወንበር በ5 ዓመት ያልፋል፤ በዚህ የተሰበረ አባትነት ግን በ5 ዓመት አይጠገንም። ካህኑ እንደ ዜጋ ድምፁን ይሰጣል፤ መስቀሉንና መድረኩን ግን ለማንም አያውስም።

ፈተናው ብዙ ጊዜ በልማት ስም ይመጣል። እንበል፣ የአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሳይከደን ሦስት ክረምት አልፏል። አንድ ዕጩ መጥቶ «ቆርቆሮውን እኔ እችላለሁ፤ እሑድ ግን ለምእመናን ታስተዋውቁኛላችሁ» አለ። ኮሚቴው ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት ስጦታው ያለ ማስተዋወቅ የሚሰጥ ከሆነ እንደ ማንኛውም ምእመን ስጦታ በደረሰኝ ገብቶ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ማስተዋወቁ የስጦታው ዋጋ ከሆነ ግን ስጦታ አይደለም፤ ግዢ ነው፤ የሚገዛውም የምእመናን ድምፅ ነው። ለአራተኛ ክረምት በዝናብ መቀደስ ይሻላል።

ከምርጫው ማግሥት

ስለ ኃላፊነት ስንናገር ከዕጩው የምንፈልገውን ያህል ከራሳችን እንፈልጋለንን? በሀዲያና በከምባታ ቤቶች ከባዱ ጉዳይ የወጣቶች ስደት ነው። እርሻው ጠቧል፣ የእንሰት ጓሮው ለልጆች ሁሉ አይበቃም፤ ወጣቱ በሞያሌ አድርጎ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይጓዛል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ ኮንቴነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ስደተኞች ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑም ተነግሯል።

እያንዳንዱ ዕጩ ስደትን እንዲያስቆም እንጠይቃለን፤ መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ሳምንት መሬቱን ሸጦ ለደላላ የሚከፍለው አባት የእኛው ምእመን ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተላከ ስጦታ በዐውደ ምሕረት ሲነበብ እልል እንላለን፤ በመንገድ ስለቀረው የጎረቤት ልጅ ግን ዝም እንላለን። ያ እልልታ ለሚቀጥለው ወጣት ጥሪ ሆኖ ይሰማዋል። የላኪውን ልግስና ማመስገን ይገባል፤ የመንገዱን እውነት መናገር ግን የእኛ ግዴታ ነው። ለሰርግና ለተዝካር ከአቅም በላይ ተበድረን መንግሥት ዕዳ አበዛ ብለን ብንወቅስም ቃላችን ክብደት አይኖረውም።

ለዚህ ልምምድ ቅርቡ ትምህርት ቤት ሰበካ ጉባኤያችን ነው። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ አስቀምጧል። በአጥቢያችን ምርጫ ዘመድ የምንሰበስብ ከሆነ በአገር ምርጫም ሌላ አንሠራም። የገቢና የወጪ ሒሳብ ሳናነብ ዓመት የምናሳልፍ ከሆነ ከሚኒስትር ሒሳብ ለመጠየቅ አንደፍርም።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያት ሦስት ሥራዎችን አሳስባለሁ። የመራጮች ምዝገባና የድምፅ መስጫ ቀን የማንንም ስም ሳይጠሩ ለምእመናን ይነገር። በድምፅ መስጫው ቀን ጉባኤም ሆነ የጋራ ሥራ አይጠራ፤ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ወደ ጣቢያው የሚደርሱበት መንገድ ይታሰብ። ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ ደግሞ የአጥቢያው ሒሳብ በምእመናን ፊት ይነበብ። ሒሳብ ሲነበብ የለመደ ሕዝብ ሒሳብ መጠየቅን ያውቃል፤ እንዲህ ያለው ሕዝብ የላከው ተወካይም ርእሰ ብሔር ለመምረጥ እጁን ሲያነሣ ማን እንደሚያየው አይዘነጋም።

እግዚአብሔር አምላክ ለመራጩ ማስተዋልን፣ ለተመራጩ ታማኝነትን ያድልልን።