የአጋዘን አደን ደንብና የጥይት ገበያ

ሬሚንግተን የተባለው የአሜሪካ ጥይት አምራች በ2023 ለገበያ ያቀረበው «.360 ባክሃመር» የተሰኘው የአደን ጥይት ቀለሁ ሲለካ 45.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ይህ ልክ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። የሚሺጋን ግዛት ደንብ በደቡቡ ክፍል ለአጋዘን አደን የሚፈቅደው የጠብመንጃ ቀለህ ከ29.5 ሚሊ ሜትር የማያጥር፥ ከ45.7 ሚሊ ሜትርም የማይረዝም፥ እንዲሁም አንገቱ ያልጠበበና ቀጥ ያለ እንዲሆን ያዛል። ፋብሪካውም ቀለሁን የቈረጠው ልክ በሕጉ ወሰን ላይ ነው።

አንድ የሕግ አንቀጽ የሸቀጥን ርዝመት እስከ ሚሊ ሜትር የወሰነበት ምክንያት ከአምሳና ከስድሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። አጋዘን ሲባል እዚህ የሚነገረው በአሜሪካ «ነጭ ጅራት» ስለሚሉት እንስሳ ነው እንጂ በኢትዮጵያ በዚሁ ስም ስለሚጠራው ባለ ጠምዛዛ ቀንድ አውሬ አይደለም። ነጭ ጅራቱ የሚውለው በጥቅጥቅ ጫካ ብቻ ሳይሆን በበቆሎ እርሻ ዳርና በገበሬዎች ቤት ጓሮ ጭምር ነው። ኦሃዮ፥ ኢንዲያና፥ ኢሊኖይና አዮዋ ደግሞ በአብዛኛው ሜዳማ ናቸው፤ የሳተውን ጥይት የሚያቆም ተራራ የላቸውም። በዚህ ምክንያት የየግዛቱ ባለሥልጣናት አጋዘን በጠብመንጃ እንዳይታደን ከልክለው፥ አዳኙ በሾትጋን ብቻ እንዲጠቀም ደነገጉ።

ሾትጋን አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ የሆነ፥ በተለመደው አገልግሎቱ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎችን የሚበትን የወፍ ማደኛ መሣሪያ ነው። ለአጋዘን ሲሆን ግን በፍሬዎቹ ፈንታ አንድ ድፍን እርሳስ ይጐርሳል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሬኔከ በ1898፥ አሜሪካዊው ካርል ፎስተርም በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠሯቸው ድፍን እርሳሶች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ክብደታቸው ከፍ ያለ፥ ቅርጻቸው ደብላላ በመሆኑ ፍጥነታቸው ቶሎ ይደክማል፤ አዳኙም ከመቶ ሜትር ባሻገር በእርግጠኝነት ሊመታባቸው አይችልም። ለሕግ አውጪዎቹ ይህ ጉድለት ሳይሆን የሚፈለግ ጠባይ ነበረ።

ደንቡ ባለበት ሲቆም ፋብሪካው አልቆመም። የሾትጋን አፈሙዝ እንደ ጠብመንጃው ጠመዝማዛ ቦይ ተቀረጸለት፤ ጥይቱ በፕላስቲክ ሰገባ ተሸፍኖ ሾጠጥ አለ፤ በላዩም ባለ መስተዋት መነጽር ተተከለ። ስሙ አሁንም ሾትጋን ነው፤ ነገር ግን መቶ አምሳ ሜትርና ከዚያም በላይ በእርግጠኝነት ይመታል። በሕግ የተከለከለው ነገር በስሙ ብቻ ተከልክሎ በሥራው ተፈቀደ ማለት ይቻላል።

ጉዳዩን በቍጥር የመረመረው የፔንሲልቬኒያ ግዛት ነው። በዚያ ግዛት በ2004 አንዲት ወጣት በገዛ ደጇ ሳለች አዳኞች በተኰሱት ጥይት ቆስላ ከሞት ተረፈች። ከዚያ በኋላ «በጠብመንጃ ማደን ይከልከል» የሚል ክርክር ስለ ተነሣ፥ የግዛቱ ሕግ መወሰኛ ኮሚቴ ያስጠናው ምርመራ በ2007 ታተመ። ውጤቱ ሁለት ፊት ያለው ሆኖ ተገኘ። አፈሙዙ ወደ ሰማይ ከፍ ብሎ ሲተኰስ የጠብመንጃው ጥይት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ፥ የሾትጋኑ ግን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ በኩል የደንቡ ደጋፊዎች ትክክል ናቸው። መሣሪያው ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ሲተኰስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባዱ ድፍን እርሳስ መሬት ሲነካ እንደ ጠብመንጃው ጥይት ኃይሉን በቶሎ ስለማያጣ ነጥሮ ይቀጥላል፤ በጠቅላላው የሚጓዘው ርቀትም ከጠብመንጃው በጥቂቱ ይበልጣል። አዳኝ ደግሞ አጋዘን የሚተኵሰው ወደ ሰማይ አይደለም።

ቢሆንም የሜዳው ነዋሪ ሥጋት ከንቱ ነው አይባልም። ቤቱ በእርሻ መካከል የሆነ ሰው ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲሸኝ ስለ ጥይቱ ዓይነት ሳይሆን ስለ ተኳሹ ጥንቃቄ ያስባል። በ1988 በሜይን ግዛት አንዲት ሴት በቤቷ ጓሮ ሳለች፥ አዳኝ አጋዘን መስላው ተኵሶ ገደላት። ይህን ሞት የሩቅ ጥይት አላመጣውም፤ ያመጣው ሳያዩ መተኰስ ነው። ግዛቱም በ1991 ያወጣው ሕግ አዳኙ የሚተኵስበትን ዒላማ አስቀድሞ ለይቶ የማወቅ ግዴታ ጣለበት። አደጋ እየቀነሰ የመጣው አዳኞች ደማቅ ብርቱካንማ ልብስ እንዲለብሱ ከታዘዙና የአደን ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህ ነው። ከዛፍ ላይ ሰገነት ሆኖ ወደ ታች መተኰስም የሳተው ጥይት በመሬት እንዲቀበር ይረዳል።

ለዚህ ትምህርት ከሚውለው ገንዘብ ዋና ክፍል የሚገኘው ከራሱ ከንግዱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ አምራቾች በረጃጅም መሣሪያዎችና በጥይት ሽያጭ ላይ በመቶ አሥራ አንድ (11%) ቀረጥ እንዲከፍሉ ያደርጋል፤ ገንዘቡም ለዱር አራዊት ጥበቃ ለየግዛቶቹ ይከፋፈላል። በ1970 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ለአዳኞች ማሠልጠኛ እንዲውል ተፈቀደ።

ከፔንሲልቬኒያው ጥናት ወዲህ ባሉት ዓመቶች ግዛቶቹ አንድ በአንድ ደንባቸውን አላሉ። ዊስኮንሲን በ2013 በመላው ግዛት ጠብመንጃን ፈቀደ። ኦሃዮና ሚሺጋን በ2014፥ አዮዋም በ2017 ቀጥ ያለ ቀለህ ያላቸውን ጠብመንጃዎች አስገቡ፤ እነዚህ ከሾትጋኑ ጥይት እጅግ የማይርቁ፥ ነገር ግን ትከሻን እንደ እርሱ የማያደሙ ናቸው። ኢሊኖይ በ2023 የተፈቀደው ጠብመንጃ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ እንዲሆን ወሰነ። በየግዛቱ መስፈርት በሺህ የሚቈጠሩ አዲስ ገዢዎች ስለ ተፈጠሩ፥ ዊንቸስተር በ2019 «.350 ሌጀንድ» የተባለውን ጥይት አወጣ፤ ሬሚንግተንም ከአራት ዓመት በኋላ ከላይ በተጠቀሰው ተከተለው። ድፍን እርሳስ በመጋዘኑ ያከማቸ ባለ ሱቅ ግን ሕጉ በተለወጠ ማግሥት ዕቃው ሊከብድበት ይችላል።

ሚኔሶታ ከ2026 ጀምሮ የሾትጋን ብቻ ክልሉን አስቀርቶ፥ ክልከላውን ለማቆየት የሚሹ አውራጃዎች በየራሳቸው ደንብ እንዲያወጡ ሥልጣን ሰጠ። እንግዲህ በአውራጃ ድንበር ላይ ያለ ነጋዴ ጥይት ከመሸጡ በፊት ደንበኛውን የሚያድነው ከመንገዱ በየትኛው ወገን እንደ ሆነ መጠየቅ ሊኖርበት ነው።