ሌባ ያልቀጠፈው አበባ

አክስቴ ጎንደር ባለው ግቢዋ፣ አጥሩ ሥር፣ ከችግኝ ነጋዴ የገዛችውን ብርቱካናማ አበባ ከተከለች ሁለት ክረምት አልፏል። ነጋዴው ‹‹ሊሊ ነው›› ብሎ ነው የሸጠላት። ሰኔ ማለቂያ ላይ ሲፈነዳ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ግን ወዲያው ነገሩ አላምር አላት። ማታ ሦስት ብላ ቆጥራ የገባችው አበባ ጠዋት ሲታይ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ትናንት ከነበሩበት ቦታ አይደሉም። ‹‹የጎረቤት ልጆች እየቀጠፉብኝ ነው መሰለኝ። እስቲ አንተ ጠብቅልኝ፣ ልጄ›› አለችኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ በርጩማ ይዤ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሌሊቱን የጣት ያህል ሆኖ ያደረው እምቡጥ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። ፀሐይዋ አጥሩን ስትሻገር ስድስቱ የአበባ ቅጠሎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተቀለበሱ፤ ከመሃላቸው ብናኝ የተሸከሙ ስድስት ቀጫጭን ዘንጎችና ከሁሉም የምትረዝም አንዲት ዘንግ ወደ ላይ ቀና ብለው ወጡ። ቀኑን ሙሉ ንብ አልተለየውም። አመሻሽ ላይ ጠርዙ ውሃ እንደነካው ወረቀት ሳሳ። ራት በልተን በባትሪ ብናየው ተኮማትሮ ራሱን ጠቅልሏል። በማግስቱ በጣት ሲነኩት የሚላላጥ እርጥብ ነገር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ደርቆ እንደ ክር መሬት ላይ ወደቀ። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ከቅጠል ጋር የምትጠርገው ያ ክር ‹‹የተሰረቀው›› አበባ ነበር።

ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዚህ ተክል የሰጠው ስም ይህንኑ ጠባዩን ይናገራል። ሄሜሮካሊስ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፤ ሄሜራ ቀን ማለት ነው፣ ካሎስ ደግሞ ውበት። በአማርኛ የቆየ ስም የለውምና እኔ የአንድ ቀን አበባ እለዋለሁ። አገሩ ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ነው፤ ቻይናውያን ያልተከፈተውን እምቡጥ አድርቀው ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። ‹‹ሊሊ›› መባሉ ግን ከመልኩ የመጣ ስህተት ነው። እውነተኛው ሊሊ ከመሬት በታች እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አለው፤ ይህኛውን ቢቆፍሩት የሚገኘው ወፋፍራም ሥጋማ ሥሮች ብቻ ነው።

በአንድ ቀን የሚሞት አበባ ለምን ይፈጠራል? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የተክሉ ብልሃት ያለው እዚህ ነው።

እምቡጡ ከመከፈቱ በፊት ስኳር ያጠራቅማል። ስኳሩን የሚያስቀምጠው ግን አንድ አንድ እያደረገ አይደለም፤ ፍሩክታን በሚባል ሰንሰለት አያይዞ ነው። ቀይ ሽንኩርትም የሚያከማቸው ይህንኑ ነው። ኒውዚላንዳዊው ተመራማሪ ሮድሪክ ቢየለስኪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ አበባው ሊከፈት አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ያ ሰንሰለት በፍጥነት ተበጣጥሶ ወደ ተራ ስኳርነት እንደሚለወጥ አሳየ። የቲማቲም ሰላጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ሳህኑ ውሃ የሚያቁረው ውሃ የሟሟ ነገር ወደበዛበት ስለሚሄድ ነው። በእምቡጡ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሰንሰለት ተቆራርጦ ብዙ የስኳር ቅንጣት ሲሆን፣ ውሃ ከአገዳው ወደ አበባው ሕዋሳት ይጎርፋል። ሕዋሳቱ ይነፋሉ፤ አበባው ይከፈታል። ያን ዕለት ጠዋት በርጩማዬ ላይ ሆኜ ያየሁት ‹‹መቀልበስ›› ውሃ የገፋው ነበር።

ማታ የሚሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቀኛል። አበባው የሚጠወልገው ፀሐይ አቃጥሎት ወይም ውሃ ጠምቶት አይደለም። ተክሉ ራሱ ሥራውን የጨረሰውን አበባ ያፈርሰዋል። የሕዋሱ ግድግዳና ፕሮቲን ይበተናል፤ ከዚያ የተገኘው ስኳርና ናይትሮጅን በሰዓታት ውስጥ በአገዳው በኩል አልፎ ተራቸውን ለሚጠብቁት እምቡጦች ይደርሳል። ሙዝ የሚያበስለውና እንደ ቀርኔሽን ያሉ አበቦችን ቶሎ የሚያስረጀው ኤትሊን የተባለው ጋዝ እዚህ ምንም ሥልጣን የለውም፤ ይህ አበባ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀጥፎ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ አያቆየውም። መጠንከር ያለበት ሥሩ ነው። አንድ አገዳ አሥርና ከዚያ በላይ እምቡጥ ይይዛል፤ በደንብ የተስፋፋ አንድ ሥር ብዙ አገዳ ይሰጣል። ውበቱ ሳምንታት የሚዘልቀው በመተካካት ነው።

ስለ መራባቱም አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓና በአሜሪካ መንገድ ዳር የተለመደው ብርቱካናማ ዓይነት እንደ ሙዝ ነው፤ በሁለት ፈንታ ሦስት የክሮሞዞም ስብስብ ስላለው ዘር አይቋጥርም። በመላው ዓለም የተዳረሰው ሰው ሥሩን እየከፈለ ስላዛወረው ነው። የኒውዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ባልደረባ የነበረው አርሎ ስታውት ይህ መካንነት ምን እንደሆነ ሲመረምር ማዳቀል ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1934ም ስለዚህ ተክል ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ተዳቅለው በስም የተመዘገቡት ዓይነቶች ከ80 ሺህ በላይ ናቸው።

ለጎንደር ሰው ግን ከቻይናውም ከኒውዮርኩም የሚቀርብ ዘመድ አለው። ሳይንቲስቶች ሄሜሮካሊስን ለረጅም ጊዜ የመደቡት ከእውነተኛው ሊሊ ጋር ነበር። የዘረመል ጥናት ሲመጣ ግን ቤተሰቡ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የዕፅዋት አመዳደብ መሠረት ከእሬት ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። የሰሜን ተራራው የዝንጀሮ አገዳም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው።

የዝንጀሮ አገዳን ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር የወጣ ሁሉ አይቶታል፤ አንዳንዱ አበልቢላ፣ ሌላው ሸመትመቴ ወይም አሸንዳ ይለዋል። ረጃጅም ቅጠሎቹ መሃል እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ቢጫና ቀይ ብርቱካናማ አበባዎች የተጠቀጠቁበት አገዳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ሲሆን ከኢትዮጵያ ሌላ በተፈጥሮ የሚበቅልበት አገር የለም። በአገራችን ከሚገኙት ሰባት የክኒፎፊያ ዝርያዎች አምስቱ የእኛ ብቻ ናቸው። አበቦቹ የሚከፈቱት ከታች ወደ ላይ በተራ ነው፤ የታችኛው ሲጠወልግ ከላይ ያለው ገና እምቡጥ ነው። የአክስቴ አበባ በየቀኑ የሚያደርገውን ይህኛው ችቦ ላይ ተደርድሮ ያሳያል። አበቦቹ እንደ ቱቦ ጠባብና ረጅም ስለሆኑ ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ማር ቀሳሚ ወፎች ይወዱታል፤ ከእነሱ አንዷ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ከተከዜ ወንዝ ነው።

ከብት ብዙም ስለማይግጠው ሣሩ በተራቆተ መስክ ላይ ሳይቀር በርከት ብሎ ይታያል። ሥሩ በባህል ሕክምና ለሆድ ቁርጠት ሲሰጥ የኖረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ስቴግሊክ ጋር ሆነው ከዚህ ተክል ክኒፎሎን የተባለ፣ እስከዚያ ያልታወቀ ውሕድ ለይተው እ.ኤ.አ. በ1984 ይፋ አድርገዋል። የአበባ አፍቃሪው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ደስ ይለኛል፤ የባዕዱን ሊሊ ስንፈልግ ደጃችን ያለውን እንዳንዘነጋ ነው።

አሁን ወደ ጓሮ እንመለስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለልና ከዚያ ረጅሙ በጋ ይመጣል። ሄሜሮካሊስ ሁለቱንም ይችላል፤ ወፋፍራሞቹ ሥሮች ውሃና ምግብ ስለሚያከማቹ በጋውን ያሻግሩታል። የሚገድለው ሥር ላይ የተኛ ውሃ ነው። ቀይ አፈር ያለው ተዳፋት ግቢ ችግር የለበትም። ዋልካ ከሆነ ግን ክረምቱን ውሃ ይዞ ይከርማል፤ ሥርና ቅጠል የሚገናኙበት እምብርቱ ይበሰብሳል። አክስቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥሮች ያጣችው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገን፣ ዋልካውን ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቀልነው። ትኩስ ፍግ ሥሩን ስለሚያቃጥል አይሆንም።

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት። ባሕር ዛፍ ሥር አይተከልም፤ ጥላውም ሥሩም ጠላቱ ነው። ሲተከል እምብርቱ ከአፈር በታች ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን፤ ጠልቆ የተቀበረ ሥር ቅጠል ያወጣል እንጂ አበባ ይነፍጋል። በሁለት ሥሮች መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ይተው። በጋ ላይ ውሃ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይሻላል፤ አገዳ ሲያወጣ ግን አይጠማ፤ አበባውን የሚከፍተው ውሃ ነውና። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ሥሩ ዙሪያ ቢነጠፍ እርጥበቱን ይይዛል፤ እምብርቱን ግን አይሸፍን።

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ደግሞ የምትፈሩት ውርጭን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ቅጠሉን ሊያጠቁረው ይችላል፤ ሥሩ ግን ቅዝቃዜ የለመደ ነው፣ ቅጠሉ ተቆርጦ ቢጣል መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግኝ ስትገዙ ዓይነቱን ጠይቁ። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ቅጠሉን ጥሎ የሚተኛ ዓይነት አለ፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይም አለ። የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም በማይለዋወጥበት በእኛ አገር የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

በሽታውን የስንዴ ገበሬ ቢያየው ወዲያው ይለየዋል። የቅጠሉ ጀርባ ላይ በጣት ሲነካ የሚለቅ ብርቱካናማ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው፤ ፈንገሱ የስንዴው ዋግ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ስንዴውን ግን አይነካም። የታመመውን ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ ማቃጠልና ማታ ቅጠል ላይ ውሃ አለማርከፍከፍ ያዳክመዋል። ክሽክሽ ሲወርበት በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ድመት ያላችሁ ግን ይህን ልብ በሉ፤ ቅጠሉም አበባውም ብናኙም የድመትን ኩላሊት ያበላሻል፤ ትንሽ ብትቀምስ እንኳ ልትሞት ትችላለች።

የዝንጀሮ አገዳን በግቢው ማየት የሚፈልግ ሰውም በአብዛኛው ይህንኑ እንክብካቤ ይከተል፤ ፀሐይ፣ ውሃ የማያቁር አፈር፣ ክፍት ቦታ። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንቀል ግን ክልክል ነው፤ በሕጉም ምክንያት፣ የወፎቹ ቀለብ ስለሆነም። ከፓርኩ ውጭ ካለ የእርሻ ድንበር፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ የደረቀውን ፍሬ ለቅሞ መዝራት ይቻላል። አበባ ለማየት ሁለት ሦስት ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል። ካደገ ተክል የተከፈለ ሥር ካገኛችሁ ይፈጥናል።

ሄሜሮካሊስም በሦስት ወይም በአራት ዓመቱ ይጠጋጋና አበባው ይቀንሳል፤ ያኔ መከፈል አለበት። እኛ ጋ ጥሩው ጊዜ መስከረም ነው፤ አበባው አልቋል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ጥግግቱን ከነአፈሩ በአካፋ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ እያንዳንዱ ክፋይ ሁለት ሦስት የቅጠል ዘለላና በቂ ሥር እንዲኖረው አድርጎ በእጅ መለያየት ነው። ቅጠሉ ወደ ስንዝር ያጥራል፤ ቁስሉ ጥላ ሥር አንድ ቀን ይደርቃል፤ ከዚያ ይተከላል።

የአክስቴ አበባ ጊዜው ሳይደርስ መደቡን ሞልቶት ነበርና ባለፈው መስከረም ሦስት ቦታ ከፈልነው። አንዱ እዚያው ቀረ። አንዱን እኔ ወሰድኩ። ሦስተኛውን አክስቴ በፌስታል አድርጋ፣ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ የጠረጠረቻቸውን ልጆች ጠርታ ሰጠቻቸው። እነሱም ከቤታቸው አጥር ሥር ተከሉት። በዚህ ሰኔ ሁለት አገዳ አውጥቷል፤ ትንሿ ልጅ በየማታው ትቆጥረዋለች።