ከበረዶ ሥር የተቆለፈ መኖ

ሬንዲር የተባለውን የሰሜን ዋልታ አጋዘን ብርድ አይበግረውም። ጸጉሩ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይዞ ያሞቀዋል። ዓይኑ እንኳ ከወቅቱ ጋር ይለወጣል፤ በበጋ ወርቃማ ሆኖ የሚያንጸባርቀው የዓይኑ ጀርባ ፀሐይ በማትወጣበት ወራት ሰማያዊ ይሆንና በጨለማው እንዲያይ ያግዘዋል። በበረዶ ወራት ዋና ምግቡ መሬት ላይ እንደ ሽበት የሚበቅለው ላይከን ነው። በረዶ ቢሸፍነውም አሽትቶ ይደርስበታል፤ በፊት ሰኮናውም ቆፍሮ ያወጣዋል። ሴቷም ቀንድ አላት። ወንዱ የራሱን ከጣለ በኋላ ያረገዘችው እስክትወልድ ይዛው ትቆያለች፤ የቆፈረችውን ጉድጓድ ማንም አይቀማትም።

ይህን እንስሳ የሚጥለው ዝናብ ነው። ዋልታው ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሞቋል። በበረዶ ወራት መካከል አየሩ ሞቅ ይልና ዝናብ ይጥላል፤ ውሃው በረዶው ውስጥ ሰርጎ፣ ብርዱ ሲመለስ ድንጋይ ይሆናል። ሰኮና አይሰብረውም፤ ሽታም አያሳልፍም። በሩሲያ ያማል ልሳነ ምድር በኖቬምበር 2013 እንዲህ ያለ ዝናብ ጥሎ 61,000 ሬንዲር በረሃብ አለቀ። በዚያ ለሚኖሩት የኔኔትስ እረኞች ሬንዲር ሥጋ ነው፤ ልብስ ነው፤ የድንኳን ቆዳና የበረዶ ጋሪ ጎታች ነው። መንጋቸው ያለቀባቸው ለመራቢያ የሚሆን ከብት ከሌላው ተበድረው፣ እስኪረባ ዓሣ በማጥመድ ኖሩ።

እረኞች ድሮም ለክፉ ጊዜ መላ ነበራቸው። የስካንዲኔቪያ ሳሚዎች መሬቱ ሲቆለፍ መንጋውን ነፋስ በረዶውን ወደሚጠርግበት ጉብታ፣ ወይም ላይከን ከዛፍ ላይ ወደሚንጠለጠልበት አሮጌ ጫካ ይነዳሉ። እኔን ከሙቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ መሸሻ መጥበቡ ነው። አሮጌው ጫካ ለጣውላ ይቆረጣል፤ መንገድና ማዕድን ማውጫ የመንጋውን መተላለፊያ ይቆርጣሉ፤ ጉብታውን የነፋስ ተርባይን ይይዘዋል። ንጹሕ ኃይል ያስፈልጋል፤ ግን ለአየር ንብረቱ መበላሸት እጃቸው እምብዛም የሌለበት እረኞች ዋጋውን ሁለት ጊዜ መክፈላቸው ፍትሕ አይደለም።

በኖርዌይ ፎሰን 151 ተርባይኖች የቆሙት በሳሚዎች ግጦሽ ላይ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2021፣ ለተርባይኖቹ የተሰጠው ፈቃድ የሳሚዎችን ባህላዊ መብት ስለሚጥስ ዋጋ የለውም ሲል ወሰነ። ተርባይኖቹ ግን መዞር አላቆሙም። በ2023 የሳሚ ወጣቶች ኦስሎ ውስጥ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን በር ዘጉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የደቡብ ፎሰን እረኞች ካሳ ሊከፈላቸው፣ መንግሥትም ከፎሰን ውጭ ሌላ የበረዶ ወራት ግጦሽ ሊያገኝላቸው ተስማሙ፤ ተርባይኖቹም በቦታቸው ቀሩ።