ለሕመምተኛ አልጋ የታሰበው የግብር ቅናሽ ለማን ይደርሳል?

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አዛውንት ወላጆቻቸውን አስመጥተው ይጦራሉ። አባት በስትሮክ ሲወድቁ ወይም እናት ዳሌያቸው ሲሰበር ሳሎኑ የማስታመሚያ ክፍል ይሆናል። ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ፣ ዊልቸር፣ የመታጠቢያ ቤት መደገፊያ ይገዛል። የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ሐኪም ላዘዘው አልጋ አብዛኛውን ወጪ ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ራሳቸውም ሆኑ የትዳር ጓደኛቸው በአሜሪካ ሠርተው የማያውቁ አዛውንት ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት በተከታታይ ካልኖሩ፣ ከፍለው እንኳ ሜዲኬር መግባት አይችሉም። እስከዚያው ወጪው የሚወድቀው በልጆች ላይ ነው።

የአገሪቱ የግብር ሕግ እንዲህ ያለውን ሸክም አቀላለሁ ይላል። ለስንቱ ቤተሰብ እንዳቀለለ ግን ስሌቱን ተከትሎ ማየት ያስፈልጋል።

የሚነሣና የሚወርድ ወለል

የሕክምና ወጪ ከገቢ ላይ እንዲቀነስ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገቢ ግብርን ወደ ተራው ሠራተኛ ባወረደበት ዓመት፣ ኮንግረስ ከገቢ 5 በመቶ በላይ የሆነ የሕክምና ወጪ እንዲቀነስ ደነገገ። በ1954 ይህ መነሻ፣ ማለትም ወለሉ፣ ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ ከ1983 ጀምሮ ወደ 5፣ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ወደ 7.5 በመቶ ወጣ። በ2010 የጸደቀው የጤና ሕግ 10 በመቶ አደረሰው። ከብዙ ክርክርና ጊዜያዊ ማራዘሚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020 የተፈረመው ሕግ በ7.5 በመቶ ላይ በቋሚነት አጸናው።

በዓመት 80,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስትን እንውሰድ። 7.5 በመቶው 6,000 ዶላር ነው። ለአልጋና ለዊልቸር 5,000 ዶላር ቢያወጡ የሚቀነስላቸው ነገር የለም። 9,000 ቢያወጡ የሚታሰብላቸው 3,000 ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሌላ በር ይጠብቀዋል፤ የቤት ብድር ወለዱ፣ የስቴት ግብሩና ሌላው ተቀናሽ ተደምሮ በ2025 ለባልና ሚስት ከተፈቀደው 31,500 ዶላር መደበኛ ተቀናሽ መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ዘርዝሮ ማቅረቡ ዋጋ የለውም። ሁሉም ተሟልቶ፣ በ12 በመቶ እርከን ላይ ያሉ ባልና ሚስት ከ9,000 ዶላር ወጪያቸው የሚተርፍላቸው 360 ዶላር ነው።

አሠሪያቸው ከግብር በፊት ገንዘብ የሚቀመጥበት የሕክምና ሂሳብ የከፈተላቸው ሰዎች ይህን ወለል ሳይነኩ ይጠቀማሉ። በራሱ መኪና የሚሠራ ሹፌር ግን እንዲህ ያለ አሠሪ የለውም።

የትኛው አልጋ?

የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ ዊልቸርን ያለ ብዙ ጥያቄ ይቀበላል። አልጋና ፍራሽ ግን ጤነኛም የሚተኛባቸው ስለሆኑ፣ በዋናነት ለሕመም መገዛታቸው መታየት አለበት። ዕቃው ለሕመምተኛ ተብሎ የተሠራ የተለመደ ዕቃ ከሆነ የሚያዘው ከተራው ዋጋ በላይ የተከፈለው ልዩነት ነው። ለዊልቸር መግቢያ የሚሠራ መወጣጫና በር ማስፋት የቤቱን ዋጋ ብዙውን ጊዜ ስለማይጨምሩ ወጪያቸው ሙሉ በሙሉ ይታሰባል።

አብሯችሁ ላለ ወላጅ ያወጣችሁት፣ ከመተዳደሪያቸው ከግማሽ በላይ የምትችሉት እናንተ ከሆናችሁ፣ የራሳቸው ገቢ መጠን ሳይታይ ይያዝላችኋል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ለሚኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነት ለሌላቸው እናት የተላከ ዊልቸር ግን አይቆጠርም። ሕጉ ተጧሪው የአሜሪካ ዜጋ፣ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ እንዲሆን ይጠይቃል።

እንግሊዞች የመረጡት መንገድ

ብሪታንያ ውስጥ ተጨማሪ እሴት ታክስ 20 በመቶ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ሰው፣ ለሕመምተኛ የተሠራ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ለራሱ ሲገዛ ግን ታክሱ ዜሮ ነው። ስለ ሁኔታው በጽሑፍ አረጋግጦ ለሻጩ ይፈርማል፤ በቃ። ገቢው አይጠየቅም፣ ዓመት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከታክስ በፊት 2,000 ፓውንድ በሆነ አልጋ ላይ 400 ፓውንዱን እዚያው ካሸሩ ፊት ያተርፋል። ሥርዓቱ ድንበር አለው፤ እግሩ ተሰብሮ ለጊዜው የተኛ ሰው አይካተትም፣ እርጅና ብቻውንም አያበቃም። ሆኖም የሚገባው ሰው ያገኘዋል።

ይህ አሠራር ለአሜሪካም እንግዳ አይደለም። ብዙ ስቴቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለቤት ውስጥ ሕክምና የሚሆኑ መሣሪያዎችን ከሽያጭ ግብር ነፃ ያደርጋሉ። ስቴቶች በሱቅ የሚያደርጉትን የፌዴራሉ ሕግ በወለልና በዝርዝር አጥሮታል።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው አለ። ከመግዛት በፊት የሐኪሙን ትእዛዝ በጽሑፍ መያዝ፣ ደረሰኝ አለመጣል፣ የሚቻል ሲሆን ትልልቅ ወጪዎችን በአንድ የግብር ዓመት ውስጥ ማሰባሰብ። በክሬዲት ካርድ የተከፈለ የሚቆጠረው ካርዱ በተመታበት ዓመት ነው።

ይህ ግን ማስታገሻ ነው። ሐኪም አይቶ ላዘዘው መሣሪያ ወለሉ መነሣት አለበት፤ ተቀናሹም ወጪ ለማይዘረዝረው ሠራተኛ መከፈት አለበት። ኮንግረስ በሰማንያ ዓመት ውስጥ ቁጥሩን ደጋግሞ ቀይሮታል፤ ዳግመኛም ሊቀይረው ይችላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ድምፅ የምንሰጥ ሁሉ ወላጅ የምናስታምም ወይም ነገ የምናስታምም ነንና፣ ጥያቄውን ለተወካዮቻችን ከእኛ በላይ የሚያቀርብ የለም።