አባት የጀመረውን ሥዕል ልጅ ሲቀጥለው

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጥቂት ጓደኞች ሆነን ወደ ወንጪ ሄደን ነበር። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለው ተራራ ላይ፥ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ መሆኑን ብዙው አንባቢያችን ያውቃል። በደሴቱ ላይ ወዳለው ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንሻገር ሽማግሌው ባለጀልባ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ መቅዘፊያውን ለልጃቸው ሰጡት። ልጁም አባቱ ከያዙት አቅጣጫ ጥቂት ዘወር አድርጎ፥ ነፋሱን እያየ አሻገረን። ከጀልባው ስንወርድ አንዱ ጓደኛችን «ይህ ልክ እንደ አሜሪካኖች የጋዜጣ ካርቱን ነው» ቢል ሁላችንም ሳቅንበት። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሲያስረዳን ግን ነገሩ ወደ ክርክር ተለወጠና እስከ አምቦ ድረስ ተከተለን። ይህም ጽሑፍ ከዚያው ክርክር የተገኘ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ በየዕለቱ በሦስት ወይም በአራት ክፍል እየተሣለ የሚወጣ አጭር አስቂኝ ታሪክ አለ። ሰዎቹ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ አብዛኛዎቹም ዓመት ቢመጣ ዓመት ቢሄድ አያረጁም። ሠዓሊው ግን ያረጃል፤ ይሞታልም። አንዱን ካርቱን ለብዙ መቶ ጋዜጦች የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ስላሉ፥ ሠዓሊው ሲሞት የሚቀረው የሥዕል ደብተር ብቻ አይደለም። የቤተ ሰቡ እንጀራ፥ የድርጅቱ ገቢ፥ ጧት ጋዜጣውን ሲገልጥ እነዚያን ሰዎች ማየት የለመደው አንባቢም አሉ። እንግዲህ ማን ይቀጥለው?

«ብሎንዲ» የተባለውን ካርቱን ቺክ ያንግ በ1930 ጀመረ። በታሪኩ ውስጥ ዳግውድ የሚባለው የሀብታም ልጅ ብሎንዲን አገባለሁ ብሎ እስከ ረሃብ አድማ ይደርሳል። በ1933 ሲጋቡም ወላጆቹ ከውርስ ይነቅሉታል። ከዚያ ወዲህ ዳግውድ እንደ ማንኛውም ደመወዝተኛ እየተሯሯጠ የሚኖር ሰው ሆነ። ቺክ ያንግ በ1973 ሲሞት ግን ይህን ከውርስ ስለ ተነቀለ ልጅ የሚናገር ካርቱን የወረሰው የገዛ ልጁ ዲን ያንግ ነው!

ዲን ያንግ ምን ወረሰ? እጅ አልወረሰም፤ እርሱ ታሪኩን ሲጽፍ ሥዕሉን የሠሩት ሌሎች ሠዓሊዎች ናቸውና። ከእነርሱም የመጀመሪያው ጂም ሬይመንድ አስቀድሞ የአባቱ ረዳት ነበር። የወረሰው የሰዎቹን ጠባይ ነው። ዳግውድ ሲረፍድበት ከፖስተኛው ጋር ተላትሞ መውደቅ አለበት፤ በሌሊት ተነሥቶ እንደ ግንብ የተቈለለ ሳንድዊች መሥራት አለበት፤ ሶፋው ላይ ማንቀላፋት፥ በአለቃውም መገሠጽ አለበት። ከነዚህ አንዱ ቢጐድል አንባቢው «ይህ የምናውቀው ዳግውድ አይደለም» ይላል። ነገር ግን በ1991 ዲን ያንግ ብሎንዲን ከቤት አውጥቶ የድግስ ምግብ የማዘጋጀት ንግድ አስጀመራት። አባቱ በሣሏት ጊዜ የቤት እመቤት የነበረችው ሴት ነጋዴ ሆነች፤ ጠባይዋ ግን ያው ነው። የሴቶች ኑሮ እንደ ተለወጠ ልጁ ስላየ፥ ካርቱኑም አብሮ ተራመደ።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ጆኒ ሃርት በ1958 «ቢ ሲ» የተባለውን የዋሻ ሰዎች ካርቱን ጀምሮ በ2007 በሥዕል ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። ሥራውንም የልጅ ልጁ ሜሰን ማስትሮያኒ ከቤተ ሰቡ ጋር ሆኖ ቀጠለው። ቻርልስ ሹልዝ ግን ቻርሊ ብራውንና ስኑፒ የሚገኙበትን «ፒነትስ» ከ1950 ጀምሮ ወደ 50 ዓመት ያህል ያለ ረዳት ሣለው። ከ17,000 በላይ ካርቱኖች ከአንድ እጅ ወጡ ማለት ነው። በ2000 የካቲት ወር ሞተ፤ የመጨረሻው የእሑድ ካርቱን የወጣው በማግሥቱ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሥለው ፈቃዱ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ አዲስ አላስጀመረም፤ ጋዜጦችም የድሮዎቹን ደግመው ማተም ያዙ።

በክርክራችን አንዱ ወገን «ውርሱ የወጣቶችን ቦታ ይዘጋል፤ በጋዜጣው ላይ ያለው ቦታ ጥቂት ነው» አለ። ይህ እውነት ነው። ሌላው ወገን ግን ወደ አገራችን ሥዕል ጠቆመ። የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች፥ ከእነርሱም መካከል በላቸው ይመር፥ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ከዘንዶው መገደል ጀምሮ እስከ ምኒልክ ድረስ በብዙ ትንንሽ ክፍል፥ አንዳንዴም በ44፥ ከፋፍለው ከነጽሑፉ ይሥሉት ነበር። ከእነርሱም በኋላ ብዙዎች ደግመው ሣሉት። ይህም ቢሆን የካርቱን ዘመድ ነው፤ ወራሹ ግን አንድ ቤት አይደለም። አንዱ ቢያበላሸው ሌላው ያቃናዋል። የጋዜጣው ካርቱን ግን ባለቤት ስላለው፥ ወራሹ ቢያደክመው ሌላ የሚያቃናው የለም። ስለዚህ የወራሹ ሸክም ይከብዳል።

በኛ አስተያየት መቀጠልም ማቆምም በራሱ አያስመሰግንም፥ አያስነቅፍምም። የአባቱን መስመር ብቻ የሚቀዳ ልጅ ያባቱን ሥራ በቀስታ ይገድለዋል። የሚጨምረው ነገር የሌለው ወራሽ እንደ ሹልዝ ቤተ ሰብ ቢያቆም አባቱን አከበረ እንጂ አልካደም። «የአባትህን ሥራ ያዝ» የሚባል ተማሪ በመካከላችን ብዙ ነውና ነገሩ የሠዓሊዎች ብቻ አይደለም። የወንጪው ልጅ ከአባቱ አቅጣጫ ዘወር ያለው የአባቱን መንገድ ንቆ አልነበረም፤ ነፋሱ ስለ ተለወጠ ነው። ያደረሰንም አባቱ ሊያደርሱን ወዳሰቡት ወደዚያው ወደ ቂርቆስ ነው።